ሐኪም የሚወጣበት ቤት፦ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲመርጡ ምን ይጠይቁ?

በዚህ አምድ ብዙ ጊዜ የምናወጋችሁ ስለ በሽታና ስለ መድኃኒቱ ነው። ዛሬ ግን በሽታውን ስለሚያክመው ሰው፣ በተለይም ያ ሰው ሐኪም ሆኖ ስለሚወጣበት ትምህርት ቤት እንነጋገራለን። ለዚህ ያነሳሳን የአንዲት የክልል ከተማ ነዋሪ ከሆኑ እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው።

«ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፋለች» ይላሉ እኚህ እናት። «ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ስትል የኖረች ናት። አሁን ግን ቤታችን ሦስት ቦታ ተከፈለ። አጎቷ ‹ከአዲስ አበባ ሌላ እንዳትሞላ፤ ስም ያለው እሱ ነው› ይላል። አባቷ ‹ከዓይኔ አትራቅ፤ ያለችንን ቦታ ሸጬም ቢሆን እዚሁ ከተማችን ባለው የግል ኮሌጅ አስተምራታለሁ› ባይ ነው። በዚህ መሐል አንድ ደላላ መጥቶ ‹ውጭ አገር ሕክምና አስገባታለሁ፤ በሳምንት ውስጥ ቀብድ ካልሰጣችሁኝ ዕድሉ ያመልጣችኋል› አለን። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ። በዩኒቨርሲቲ ደጅ እንኳን አላለፍኩም። ምን ብዬ ልምከራት?»

የእኚህ እናት ጥያቄ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ትምህርት ቤት የምትመርጠው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርስዎን ወይም የእርስዎን ልጅ የምታክም ሐኪም ናት። ስለዚህ ጥያቄው ሐኪም ሊሆን ያሰበውን ብቻ ሳይሆን ታሞ ሆስፒታል የሚሄደውን ሁሉ ይመለከታል።

አንድ የማልረሳው ሌሊት

ይህን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ እኔ ራሴ ሐኪም ነኝና አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በመጨረሻው የትምህርት ዓመት፣ ማለትም በኢንተርንነት ጊዜዬ፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች፤ እንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆም አለ። ምን መደረግ እንዳለበት አውቅ ነበር። ማሕፀኑ እንዲኮማተር ሆዷን ከላይ ማሸት፣ ኦክሲቶሲን መስጠት፣ ደም ሥር ከፍቶ ፈሳሽ ማስገባት፣ ፊኛዋን ማስተንፈስ፣ የተቀደደ ቦታ መኖሩን ማየት። መጽሐፉ ላይ በቅደም ተከተል ተጽፏል፤ ፈተና ላይም ጽፌው ሙሉ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

እጄ ግን አያውቀውም ነበር። በተማርኩበት ቦታ በአንድ አልጋ ዙሪያ የምንቆመው ተማሪዎች ከመብዛታችን የተነሳ ወሊድን ያየሁት በጓደኞቼ ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ነው። ያን ሌሊት ሆዷ ላይ እጄን አሳርፌ ማሕፀኑ የቱ ጋ እንደሆነ ለየሁ ስል፣ አጠገቤ የነበሩት ነባር አዋላጅ ነርስ እጃቸውን በእጄ ላይ ደርበው ወደ እምብርቷ አካባቢ ሳቡት። «እዚህ ጋ ነው ዶክተር፤ ጠንከር አድርገህ እሸው» አሉኝ። ከእጃቸው ሥር ልፍስፍስ ያለው ማሕፀን ቀስ በቀስ እንደ ኳስ ሲጠጥር ተሰማኝ። ሌላዋ ነርስ መድኃኒቱን ሰጠች። ደሙ ቀነሰ። እናትየው በሦስተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

እሷ ያን ሌሊት የሆነውን አታውቅም። እኔ ግን ሲስተር ባይኖሩ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ስለ ሕክምና ትምህርት ቤት ምርጫ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር መልሴ የሚጀምረውም ከዚያ ሌሊት ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ከታካሚው አልጋ ጋር ምን ያህል ያገናኘዋል? ከእርሱ በኋላ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ተከትለው የሚመጡ ናቸው።

ሐኪም የሚሆነው እንዴት ነው?

ብዙ ቤተሰብ መንገዱን ሳያውቅ ይመርጣልና አስቀድመን መንገዱን እንመልከት። በአገራችን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል። ሕክምና የሚገባው ከዚያ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ መመደብ ሕክምና መመደብ ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ሕክምና የሚያስተምር መሆኑን፣ ለሕክምና ስንት ተማሪ እንደሚቀበልና ውድድሩ በምን መለኪያ እንደሆነ ምርጫ ከመሙላት በፊት መጠየቅ ይገባል። የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲም ስላለ የምዝገባው ቀን እንዳያመልጣችሁ።

ወደ ሕክምና የገባ ተማሪ በመጀመሪያ የሰውነት ክፍሎችን፣ አሠራራቸውን፣ በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያንን፣ የመድኃኒቶችን ባሕርይ ይማራል። ይህ ክፍል በአብዛኛው በመማሪያ ክፍል፣ በቤተ ሙከራና በአስክሬን ክፍል የሚካሄድ ነው። ቀጥሎ ወደ ሆስፒታል ይገባል። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማሕፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ ከታካሚ ይማራል። በመጨረሻም አንድ ዓመት ሙሉ በኢንተርንነት በበላይ ሐኪሞች ቁጥጥር ሥር ይሠራል። የመውጫና የሙያ ፈቃድ ምዘና ይወስዳል። ስድስት ሰባት ዓመት የሚፈጀው ይህ ሁሉ የሚያደርሰው እስከ ጠቅላላ ሐኪምነት ነው። ስፔሻሊስት ለመሆን ደግሞ እንደየዘርፉ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ዓመታት ይጨመራሉ።

አሁን መንገዱን ለሁለት ከፍለው ይዩት። የመጀመሪያውን ግማሽ ትጉህ ተማሪ ጥሩ መጽሐፍና ኢንተርኔት ካገኘ የመምህሩን ጉድለት እንኳን በራሱ ጥረት ሊሞላው ይችላል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ማንም በራሱ ሊያሟላው አይችልም። ታካሚ ከሌለ፣ የሚያርም መምህር ከሌለ፣ ተራ የማይደርስ ከሆነ በንባብ አይካካስም። ትምህርት ቤቶችን ስታወዳድሩ ሚዛኑን በዚህ በሁለተኛው ግማሽ ላይ አድርጉ።

ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥያቄ

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ባለሙያ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጎብኝቶ ሪፖርት አወጣ። ሰውየው ሐኪም አልነበረም። ይዞት የዞረው ጥያቄ ግን ቀላል ነበር፤ ማንን ትቀበላላችሁ? የሚያስተምረው ማነው? ቤተ ሙከራችሁ የት አለ? ገንዘባችሁ ከየት ይመጣል? ተማሪው የሚማርበት ሆስፒታል አላችሁ ወይ? ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ ክፍያ ሰብስበው ንግግር የሚያሰሙ፣ ተማሪያቸውን ከታካሚ ጋር በቅጡ የማያገናኙ ሆነው ተገኙ። ከሪፖርቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት በርካቶቹ ተዘጉ ወይም ከሌሎች ጋር ተቀላቀሉ። ሐኪም ያልሆነ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ከጠየቀ ጥሩውን ትምህርት ቤት ከመጥፎው መለየት እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል። ደብዳቤ የጻፉልን እናትም ይህን ልብ ይበሉልን።

በእኛ አገር ምርጫ የሚባል ነገር የመጣው በቅርቡ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን በመጀመሪያ ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ነበር። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ። የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ ሐኪም የሚወጣው ከእነዚህ ከሦስቱ ከተሞች ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ፣ መቐለ፣ ሐረር፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭና ሌሎችም ተጨመሩ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅን የመሰሉ ከሆስፒታል የተነሱ ኮሌጆች መጡ፤ የግል ኮሌጆችም ተከፈቱ። ምርጫው ሲበዛ ጥያቄውም መብዛት አለበት።

አንደኛ፦ ሆስፒታሉ የት ነው?

ዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን ሆስፒታሉን ይጎብኙ። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቦታ አይገኙም። ለምሳሌ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሐረማያ ሲሆን የጤናና ሕክምና ኮሌጁና የሕይወት ፋና ሆስፒታል ያሉት ሐረር ከተማ ነው። የትምህርት ቤቱ የራሱ ሆስፒታል አለ ወይስ በስምምነት የሌላ ሆስፒታል ይጠቀማል? በስምምነት ከሆነ ሌሎች ስንት ኮሌጆች ያንኑ ሆስፒታል ይጋራሉ? ውሉስ እስከ መቼ ነው?

ስለ ትልቅና ትንሽ ሆስፒታልም አንድ ነገር እናስተውል። እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ የአገሪቱ ከፍተኛ ሪፈራል ሆስፒታል ከየክልሉ የተላኩ ከባድና ብዙ ጊዜ የማይገኙ በሽታዎች የሚታዩበት፣ በየዘርፉ ስፔሻሊስት ያለበት ነው። ተማሪው ሌላ ቦታ የማያየውን ያያል። በሌላ በኩል እንዲህ ባለ ሆስፒታል ከተማሪው ፊት ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሪዚደንቶች፣ ከእነርሱም ፊት ሰብ ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች ይቆማሉ። በክልል ባለ ሆስፒታል ደግሞ የስፔሻሊስቱ ቁጥር ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን፣ ምጥ የጠናባት እናት፣ የተሰበረ እጅ በየዕለቱ ይመጣል፤ የተማሪውም እጅ ቶሎ ይፈታል። ጠቅላላ ሐኪም ተመርቆ ሲወጣ በብዛት የሚገጥመው ይኸኛው ነው። ስለዚህ «ስም ያለው የቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሆስፒታል የጎደለው የትኛው ክፍል ነው? ለጎደለው ተማሪውን ወዴት ይልካሉ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ሁለተኛ፦ በአንድ አልጋ ስንት ተማሪ፣ ለስንት ተማሪ አንድ መምህር?

ሆስፒታሉ ቢኖርም ተማሪው ከታካሚው ቁጥር ከበዛ ውጤቱ እንደ እኔው በትከሻ ላይ መንጠራራት ነው። በአንድ የታካሚ አልጋ ዙሪያ ሠላሳ አርባ ተማሪ ሲቆም የሚማሩት ከፊት ያሉት ናቸው፤ ታካሚውም ይሳቀቃል። አምስት ስድስት ሲሆኑ ግን መምህሩ እያንዳንዱን «አንቺ ሆዱን መርምሪው፤ ምን ተሰማሽ?» ማለት ይችላል።

የመምህራኑንም ሁኔታ አጣሩ። ቋሚ ናቸው ወይስ ከሌላ ቦታ በሳምንት አንድ ቀን እየተመላለሱ የሚያስተምሩ? ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ታካሚዎችን እየዞረ ከሚያይ ሲኒየር ሐኪም ጋር ተማሪው ይቆማል ወይስ ከሪዚደንት ጋር ብቻ? በሌሊት ተራ ኢንተርኑ ሲቸገር ስልክ የሚያነሳለት፣ ተነስቶም የሚመጣለት ሰው አለ? እኔን ያዳኑኝ ነባር አዋላጅ ናቸው። ጥሩ ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለዕድል አይተውም።

ሦስተኛ፦ የታካሚውን ቋንቋ ትሰማለች ወይ?

ሕክምና የሚጀምረው ታካሚው «ምን ሆንክ?» ሲባል ከሚሰጠው መልስ ነው። «ኩላሊቴን ያመኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወገቡን ማለቱ ነው፤ «ምች መታኝ» የሚለውም የራሱ ትርጉም አለው። ይህን የማይረዳ ሐኪም አላስፈላጊ ምርመራ ያዝዛል፤ አስፈላጊውንም ያልፋል። ጅማ የምትማር ልጅ አፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ የምትማር ልጅ ሲዳምኛ የሚናገሩ ታካሚዎች በብዛት ያጋጥሟታል። ቋንቋውን ባታውቅ አትሂድ ማለታችን አይደለም። ሌላ ቋንቋ መልመድ ለሐኪም ትልቅ ሀብት ነው። ግን ለመልመድ ፈቃደኛ መሆኗን አስቀድማ ራሷን ትጠይቅ።

ከዚሁ ጋር ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ከሆስፒታል ግቢ ውጭ ያወጣው እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። ጅማ ሲመሠረት ጀምሮ የሚታወቀው ተማሪዎችን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማር ነው። ጎንደርም የሐኪም፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪና የሌሎች ሙያዎችን ተማሪዎች በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ የቆየ ልምድ አለው። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ እናቶች ለምን ቤት እንደሚወልዱ በዓይኑ ያየ ተማሪ በሽታውን ከምንጩ ያውቀዋል።

አራተኛ፦ የግል ኮሌጅ ከሆነ ፈቃዱን በወረቀት ይዩ

ከግል ኮሌጆች መካከል የራሳቸው ሆስፒታል ያላቸው፣ በጥራት የሚያስተምሩም አሉ። ነገር ግን ቦታ ሸጦ ከመክፈል በፊት መደረግ ያለበት ማጣራት አለ። የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅናው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ግቢ ሲሆን የጊዜ ገደብም አለው። ኮሌጁ ነርስ ለማስተማር ፈቃድ አለው ማለት ሐኪም ለማስተማር አለው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ባለው ግቢው ተፈቅዶለታል ማለትም እናንተ ከተማ ባለው ቅርንጫፉ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። በማስታወቂያ ሰሌዳና በመዝጋቢው ቃል አትመኑ፤ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቁ። ልጅቷም ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣውን የመግቢያ ነጥብ ማሟላቷን አረጋግጡ። ያለ ነጥቡ «እኛ እናስገባታለን» የሚል ካለ የሰባት ዓመት ድካሟ መጨረሻ ላይ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

ክፍያውንም የአንድ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን እስከ ምረቃ ያለውን ደምሩት። የኢንተርንነት ዓመትም ይከፈልበታል ወይ? በየዓመቱ ይጨምራል ወይ? አንድ ትምህርት ወድቃ ብትደግም ስንት ትከፍላለች? ቦታው ተሸጦ ገንዘቡ በአራተኛው ዓመት ቢያልቅ ግማሽ ሐኪም የሚባል የለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማራል፤ ድርሻውን የሚከፍለውም ከተመረቀ በኋላ ነው።

አምስተኛ፦ ወደ ውጭ አገር ከሆነ

ኢትዮጵያዊ ሕክምና ለመማር ባሕር ሲሻገር አዲስ አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በላሆርና በስኮትላንድ፣ ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ አሜሪካ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በእነርሱ ዘመን እዚህ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። ዛሬ ግን አለ። ስለዚህ ወደ ውጭ መሄድ በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ሦስት ነገር አጣሩ። በመጀመሪያ ቋንቋ። በአንዳንድ አገሮች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ተብሎ ይነገራል፤ እውነትም መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። አልጋው ላይ ያለው ታካሚ ግን ቻይንኛ ወይም ሩሲያኛ ነው የሚናገረው። ቋንቋውን ያልለመደ ተማሪ ዋርድ ውስጥ እንደ እንግዳ ቆሞ ይውላል። ሁለተኛ፣ የትምህርት ማስረጃው እዚህ ሲመጣ አቻ ግምት ያገኛል ወይ? ይህን ከመሄድ በፊት ከባለሥልጣኑ፣ የሙያ ፈቃዱን መንገድ ደግሞ ከጤና ሚኒስቴር ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩንም ይመልከቱ፤ ማውጫው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሦስተኛ፣ የአገሩ ሰላምና ሁኔታ። ኮሮና በገባ ጊዜ ቻይና ይማሩ የነበሩ ብዙ የውጭ ተማሪዎች ከሁለት ዓመት በላይ መመለስ ሳይችሉ ቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት ሊማሩ ሞክረዋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በዩክሬን፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ የሕክምና ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ይህ የማንም ተማሪ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን «ትምህርቱ ቢቋረጥ ወዴት ትዘዋወራለች?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ገንዘብ ደግሞ ለደላላ በእጅ አይሰጥም። ማመልከቻ ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይላካል፤ ክፍያም በዩኒቨርሲቲው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኝ ይያዝበታል።

ስድስተኛ፦ የተማሪዋ ጤና

የሕክምና ትምህርት ረጅም፣ እንቅልፍ የሚነሳና ከሞት ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ ነው። በክፍሏ ሁልጊዜ አንደኛ የነበረች ልጅ ሁሉም አንደኛ በነበሩበት ክፍል ውስጥ ስትገባ መካከለኛ ልትሆን ትችላለች። ይህ ብዙ ተማሪ ያደናግጣል። ስለዚህ መኝታው፣ ምግቡ፣ ከግቢ ወደ ሆስፒታል በሌሊት የምትመላለስበት መንገድ፣ ለተማሪ የምክር አገልግሎት መኖሩ፣ የወደቀ ተማሪ ስንት ዕድል እንደሚሰጠው ሁሉ የትምህርት ጥራት አካል ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ከቤት ርቃ ብትማር ስልክ ስትደውሉ «ስንት አመጣሽ?» ከማለታችሁ በፊት «እንቅልፍ ትተኛለሽ? ትበያለሽ?» በሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ድብርት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከሰው መሸሽ፣ ሁሉን ነገር የመጥላት ስሜት ካያችሁ ስንፍና ነው ብላችሁ አትለፉት። መሞትን የሚያነሳ ንግግር ከሰማችሁ ደግሞ ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ትምጣ። የሕክምና ተማሪም ይታመማል፤ ይድናልም።

እንዴት ይታወቃል?

ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ቀን ይበቃል። ከትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ወይም ኢንተርኖች ሁለት ሦስቱን አግኝታችሁ አነጋግሩ። «ትምህርት ቤታችሁ ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላችኋል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

• ባለፈው ወር በገዛ እጅህ ስንት እናት አዋልደሃል?
• ዋርድ ውስጥ ታካሚ ስትመረምሩ በአንድ ቡድን ስንት ናችሁ?
• ስትሳሳቱ አጠገባችሁ ሆኖ የሚያርማችሁ ማነው?
• የሌሊት ተረኛ ስትሆኑ ከበላያችሁ ማን ያድራል?
• መምህር ጠፍቶ ሳይሰጥ የቀረ ወይም በጥድፊያ ያለፈ ትምህርት አለ?
• ከእናንተ በፊት የተመረቁት የሙያ ፈቃድ ምዘናውን እንዴት አለፉ? አሁንስ የት ይሠራሉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልጋል። ድሮ የተመረቀ ሐኪም ሁሉ ዕጣ አውጥቶ ወደ ተመደበበት ይሄድ ነበር። አሁን ሥራ ለማግኘት መወዳደር የሚያስፈልግበት ጊዜ ስላለ በእጁ ሙያ ያለው ተመራቂ ይቀድማል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ

እናታችን፣ አጎቷ ያሉት ስህተት አይደለም። ስም ያለው ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው በሥራ ነው። ግን አንድ ስም ብቻ ይዛ ምርጫ እንዳትሞላ። የራሳቸው ሆስፒታል ያላቸውን፣ ሕክምና የሚያስተምሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ታስቀምጥ። አባቷ ከዓይናቸው እንዳትርቅ መመኘታቸው የወላጅ አንጀት ነው። ቦታውን ከመሸጣቸው በፊት ግን የኮሌጁን የሕክምና ዕውቅና ደብዳቤና ተማሪው የሚማርበትን ሆስፒታል በዓይናቸው ይዩ። ሁለቱንም ካገኙ ይነጋገሩበት፤ አንዱ ከጎደለ ቦታው ይቆይ። ለደላላው መልስዎ አጭር ይሁን፤ በሳምንት የሚያመልጥ ዕድል ለሰባት ዓመት ትምህርት አይሆንም።

ልጅቷን ራሷንም ይጠይቋት። ሐኪም መሆን የምትፈልገው እሷ ናት ወይስ እኛ? ደም ማየት፣ ሌሊት መንቃት፣ የማትድን ታካሚ አጠገብ መቀመጥ እንዳለ ታውቃለች? ከቻለች በዚህ ክረምት ጥቂት ቀን በከተማችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከምታውቁት ባለሙያ ጋር ውላ ትይ። ካየች በኋላም «እፈልጋለሁ» ካለች ያኔ ቃሏን እመኑ።

«ዩኒቨርሲቲ በደጁም አላለፍኩም» ብለውናል። በሆስፒታል ደጅ ግን አልፈዋል። ልጅ ወልደዋል፤ ልጅ አሳክመዋል፤ ወንበር ላይ ተራ ጠብቀዋል። ሐኪም ሲሰማዎና ሳይሰማዎ፣ ሲመረምርዎና ሳይነካዎ ለይተው ያውቃሉ። እንግዲያው ልጅዎን ይዘው ይሂዱና ተማሪዎቹ ታካሚውን እንዴት እንደሚቀርቡት ይዩ። እርስዎ ተኝተው ቢሆን ማን እንዲመረምርዎ እንደሚፈልጉ ልጅዎን ይንገሯት። እንደዚያ ያለ ሐኪም የሚወጣበትን ቤት አብራችሁ ፈልጉ።

ለልጅዎ መልካም የትምህርት ዘመን እንመኛለን።